ከቀንዱ እስከ ቀርከሃው፤ የማይክሮፎን መያዣ ታሪክና ሐዋሳ

ስለ ድምፅ ቀረጻ ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች ብዕራቸውን የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዘፋኙ የጉሮሮ ጸጋ፣ ስለ ማይክሮፎኑ ጥራት፣ ወይም ቀድሞ ስለ ሸክላው ኋላም ስለ ካሴቱ ሲሆን፣ ማይክሮፎኑን ከመሬት አንሥቶ በአፍ ወይም በከበሮ ትክክል የሚያቆመውን ብረት፣ ወገቡን ጨብጦ የሚይዘውን መቆንጠጫ፣ በሁለቱም መካከል ገብቶ የማይስማሙትን የሚያስማማውን ትንሽ የናስ ቀለበት ግን ከቁም ነገር የሚቆጥረው እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ የቀረጻን ታሪክ ከሥሩ ለመረመረ ሰው አንድ ጥያቄ በየዘመኑ እየተመላለሰ ይመጣበታል፤ ይኸውም ዘፋኙ ወደ መሣሪያው ይሂድ ወይስ መሣሪያው ወደ ዘፋኙ ይምጣ የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ ፍርድ ሲሰጥ የኖረው ደግሞ፣ እኔ እንደማየው፣ ይኸው የተናቀ መያዣ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን የሚሄደው ዘፋኙ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ ወደ ጀርመን አገር ተልከው በበርሊን ከተማ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ፣ ማይክሮፎን ገና በዚያ ሥራ ላይ አልዋለም ነበርና፣ የዚያን ጊዜ ቀረጻ ድምፅን የሚቀበለው አፉን በከፈተ የቆርቆሮ ቀንድ ነበር። በቀንዱ ጠባብ ጫፍ ላይ የተወጠረው ስስ ገበታ በድምፁ ግፊት ሲንቀጠቀጥ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘው መርፌ በሚሽከረከር ሰም ላይ ይጭራል፤ ድምፁን የሚያጎላ የኤሌክትሪክ ረዳት ስላልነበረም፣ ዘፋኙ ፊቱን ወደ ቀንዱ አፍ አስጠግቶ፣ ድምፁን ከፍ ባደረገ ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላው ሸሸት እያለ፣ በቦታው ለተተከለው ዕቃ እየታዘዘ ማዜም ነበረበት። ባለሙያው የሚመርጠው መያዣ አልነበረውም፤ የሚያስተካክለው ሰውን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካን አገር በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቀረጻ ለገበያ በዋለ ጊዜ ማይክሮፎን የቀንዱን ቦታ ወረሰ፤ ነገር ግን የዘመኑ ማይክሮፎን በውስጡ የከሰል ደቃቅ የያዘ፣ ትንሽ ሲናጥ ደቃቁ ቦታውን እየለቀቀ የሚንኮሻኮሽ ነበርና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መያዣው መጨነቅ ግድ ሆነ። መፍትሔውም በብረት ቀለበት መካከል በሞላዎች ማንጠልጠል ነበር፤ በአሮጌ ፎቶግራፎች ላይ በመሪዎች ፊት ቆሞ የምናየው፣ ለጌጥ የተሠራ የሚመስለው ክብ ነገር፣ በእውነቱ ከወለሉ የሚመጣውን ንዝረት የሚያግድ መሣሪያ ነው። ጣሊያን ወረራዋን ስታዘጋጅ፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ለዓለም ድምፃቸውን ባሰሙ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት በሰኔም በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ ላይ አቤቱታቸውን ባቀረቡ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ ወደ ማይክሮፎኑ የሄዱ እርሳቸው ናቸው እንጂ እርሱ ወደ እርሳቸው አልመጣም። በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ከአርበኞች ጋር የነበረው የእንግሊዝ ጦር መኮንኑ የጆርጅ ስቲር የፕሮፓጋንዳ ክፍል ግን ድምፅ ማጉያውን ወደ ጠላት ምሽግ እያስጠጋ፣ በጣሊያን ሥር የነበሩትን ወታደሮች በገዛ ቋንቋቸው እየጠራ ያስኮበልል ነበር፤ መሣሪያው ተጉዞ ሰው ዘንድ መድረሱ በአገራችን ከታየባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐዋሳ የተቆረቆረችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. ግድም ነው። የሲዳማ ሕዝብ አስቀድሞ አዳሬ ይለው በነበረው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ መንገዶች በቀጥታ መስመር ተቀየሱ፤ ኋላም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህች አዲስ ከተማ ዞረ። ከተማዋ የማይክሮፎን ዘመን ልጅ በመሆኗ፣ በአደባባይ የሚደረግ ንግግር ያለ ማጉያ የተሰማበት ዘመን አላት ለማለት ያስቸግራል። ታዲያ ከተማዋ በተወለደችበት በዚያው ዘመን በዓለም ላይ የነበረው የማይክሮፎን ዕቃ በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበርና፣ ጠቡ በመርከብና በካሚዮን ተጭኖ ወደ እኛም አገር ገባ።

ጠቡ የብሎን ጥርስ ጠብ ነው። በአውሮፓ የሚሠራው ማቆሚያ ራሱ ላይ ያለው ብሎን 3/8 ኢንች፣ ማለት 9.5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 16 ጥርስ የተቀረጸበት ነው፤ ይህም እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ካወጣው የብሎን ሥርዓት የተወረሰና ፎቶግራፍ አንሺዎች በሦስት እግር ማቆሚያቸው ላይ ሲሠሩበት የኖሩት ልክ ነው። በአሜሪካን አገር የሚሠራው ግን 5/8 ኢንች፣ ማለት 16 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 27 ጥርስ አለው። የመጀመሪያው ቀጭንና ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ ሁለተኛው ወፍራምና ጥርሱ እንደ ፀጉር የረቀቀ ነው፤ የረቀቀ በመሆኑም በጥድፊያ አዘንብሎ የገባ እንደ ሆነ ጥርሱ ይበላል፤ አንድ ጊዜ የተበላ ጥርስ ደግሞ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1949 በጀርመን የተቋቋመው ኬኒግ ኡንድ ማየር የመጀመሪያውን ልክ፣ የአሜሪካው አትላስ ሁለተኛውን ይዘው እያንዳንዳቸው በየገበያቸው ሲነግሡ፣ እንደ እኛ ያለ፣ ማይክሮፎኑን ከአንዱ አገር ማቆሚያውን ከሌላው የሚገዛ ወገን በመካከል ቆሞ ቀረ።

ጠቡን ያስታረቀው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጠው የናስ ቀለበት ነው። በውጭው ፊቱ የ5/8፣ በውስጡ የ3/8 ጥርስ ተቀርጾበት፣ ከመቆንጠጫው ሥር ይገባና በአውሮፓው ማቆሚያ ራስ ላይ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፤ በከንፈሩ ላይም ብሎን መፍቻ ቢጠፋ በሳንቲም ጠርዝ እንዲጠብቅ አንድ ስንጥቅ አለው። ይህን ስንጥቅ ያላወቀ ሰው ቀለበቱን በእጁ ብቻ ያስገባዋል፤ ዝግጅቱ አልቆ መቆንጠጫውን ሲፈታው ቀለበቱ በማቆሚያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በማግሥቱ መቆንጠጫው ወደ ሌላ ማቆሚያ ሲሄድ እየተንገዳገደ አልይዝ ይላል፤ ያን ጊዜ ፕላስተር ይመጣል። በአገራችን መድረኮች ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ ማቆሚያ ያየ ሁሉ ከሥሩ የጠፋ የናስ ቀለበት አለ ብሎ ቢጠረጥር ብዙ አይሳሳትም።

መቆንጠጫውም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሴንሃይዘር ያወጣው ኤም ዲ 421 በዓለም ስቱዲዮዎች ሁሉ የተከበረ ማይክሮፎን ሲሆን፣ ከሆዱ ሥር እየተንሸራተተ በሚገባ ልዩ መያዣ ብቻ የሚቆም ነበርና፣ መያዣው ድንገት እየለቀቀው ስንት ጊዜ መሬት እንደ ወደቀ ባለሙያዎች እየሣቁም እያዘኑም ያወሩታል። ከስድስት ዓመት በኋላ የወጣው የሹር ኤስ ኤም 58 ግን ወገቡ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ በመሆኑ በተራ የፕላስቲክ ማንቁርት ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ይቀመጣል፤ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል፤ ዘፋኝም ሰባኪም በአንድ እጅ ይነቅለዋል። ዘመኑ ሲገፋ ገመድ የሌለው ማይክሮፎን መጣ፤ ባትሪና ማሠራጫ በሆዱ ስለ ተሸከመ ወፈረ፤ ሰዎችም በአሮጌው ማንቁርት ውስጥ በግድ እየሰኩ ጎኑን ሰነጠቁት፤ የተሰነጠቀው ደግሞ ቀጭኑን ማይክሮፎን መያዝ ተሳነው። ርካሽ መያዣ ለመግዛት መሰሰት ውድ ዕቃን እንደሚገድል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

መሣሪያው ወደ ሰው መሄድ በእርግጥ የጀመረው ቴፕ ሪኮርደር በትከሻ ላይ ሲውል ነው። ፖላንዳዊው ስቴፋን ኩደልስኪ በስዊዘርላንድ የሠራው ናግራ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሦስተኛው ዓይነት፣ ከእርሱም ሦስት ዓመት ዘግይቶ የመጣው የጀርመኑ ኡኸር፣ የሬዲዮ ሰዎችንና የሙዚቃ ተመራማሪዎችን ከስቱዲዮ ግድግዳ አወጧቸው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ እንግሊዝ አገር ከሚገኘው ከሆርኒማን ሙዚየም የመጣችው ጂን ጄንኪንስ የኢትዮጵያን ዜማዎች በየቦታቸው እየዞረች ቀርጻለች፤ በየካቲት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያም በዘመኑ የተደራጀ ስቱዲዮ ነበረው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ 15 ቋንቋዎች ሲሰፋ ሲዳምኛ አንዱ ሆነ፤ ኋላም በሐዋሳ እንደ ደቡብ ኤፍ ኤም 100.9 ያሉ ጣቢያዎች ተከፍተው የአካባቢው ልሳናት በየቀኑ አየር ላይ ሲውሉ፣ መያዣን የመምረጥ ጉዳይ ከመዲናዋ ስቱዲዮ ወጥቶ የሐዋሳም ጉዳይ ሆነ።

በሐዋሳ ከሚቀረጹ ድምፆች ሁሉ ለመያዣ ፈተና የሚሆን፣ በእኔ ግምት፣ የማኅሌት ድምፅ ነው። በከተማው መሀል የሚገኘው ደብረ ምሕረት ቅዱስ ገብርኤል በታኅሣሥ 19፣ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያዳነበት በሚታሰብበት ዕለት፣ እንዲሁም በሐምሌ 19፣ የቂርቆስና የኢየሉጣ መታሰቢያ በሆነው ቀን፣ ከየአገሩ የሚመጣ ምእመን የሚያጥለቀልቀው ደብር ነው። በዋዜማው ሌሊት ሊቃውንቱ በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ በሁለት ረድፍ፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ እየመሯቸው፣ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ዜማው በቁም ይጀመራል፤ በዚህ ጊዜ ከበሮ የለም፤ ድምፁ ረጅምና የተረጋጋ ነው፤ ማይክሮፎኑን የተከለው ወጣትም ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብሎ ጥግ ይይዛል። ቀጥሎ የሊቃውንቱ ዘንግ፣ መቋሚያው፣ ከዜማው ጋር የሚወዛወዝበት ዝማሜ ይመጣል፤ ጸናጽሉም ይጨመራል፤ ከዚያ ከበሮው በአንገት ተንጠልጥሎ ወደ መካከል ይገባና መረግዱ እየፈጠነ ሄዶ በጽፋት፣ በጭብጨባ፣ ይጠናቀቃል። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቦታ፣ ከሹክሹክታ ጥቂት ከፍ የሚል ድምፅና ግድግዳ የሚያናውጥ ድምፅ እየተፈራረቁ ማለት ነው።

በረድፎቹ መካከል መሬት ላይ የቆመ ማቆሚያ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ጠላቶች አሉት። አንደኛው መቋሚያው ነው፤ ወለሉን በመታ ቁጥር ንዝረቱ በማቆሚያው እግር ወጥቶ፣ በብረቱ ተጉዞ፣ ከአየሩ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ማይክሮፎኑ ውስጥ እንደ ሩቅ ድምድምታ ይገባል፤ ምንጣፍ ጥቂቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም። ሁለተኛው ከበሮ መቺው ነው፤ በዜማው ተመስጦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዘነብል ቀጥ ብሎ ወደ ማይክሮፎኑ ይመጣል፤ ይህን እንዳያደርግ መለመን ደግሞ ሥርዓቱን ካለማወቅ የሚመነጭ ድፍረት ነው። ሦስተኛው ሕዝቡ ነው፤ ስለ እርሱ ማብራራት አያስፈልግም። ስለዚህ አዋቂ ቀራጭ ማቆሚያውን ትቶ በሞርሳ አምሳል የሚጠብቅ መቆንጠጫ ይመርጣል፤ ሰገነት ባለበት ቤተ ክርስቲያን ከሰገነቱ አጥር ላይ፣ ሰገነት ከሌለም ከፍ ባለ የብረት ዘንግ ላይ ያስረዋል። የመቆንጠጫው መንጋጋ በጎማ የተለበጠ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ባዶው ብረት የተቀባውን አጥር ይልጣል፤ የደብሩን አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤውን ፈቃድ አግኝቶ ቀለም ልጦ የወጣ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አያገኝም። በማይክሮፎኑና በመቆንጠጫው መካከልም በላስቲክ የተወጠረ ማንጠልጠያ ይገባል፤ ይህም የእነዚያ የ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለ ሞላ ቀለበቶች የልጅ ልጅ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ከመቆንጠጫው ላይ አንድ አጭር አግዳሚ ብረት አስገብቶ ሁለት ማይክሮፎኖችን በአንድ ቦታ መትከል ይቻላል። የፈረንሳይ ሬዲዮ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ግድም ባወጡት ልክ መሠረት፣ ሁለቱ ማይክሮፎኖች በ17 ሳንቲሜትር ተራርቀው፣ በ110 ዲግሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፊታቸውን መልሰው ሲቆሙ፣ የሰው ሁለት ጆሮ የሚሰማውን ያህል የአቅጣጫ ስሜት ይሰጣሉ። ፈረንሳዮቹ ይህን ሲያስቡ ስለ ማኅሌት ሰምተው እንደማያውቁ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን አንዱ ወገን አዚሞ ሌላው የሚቀበልበትን የእኛን የቅኔ ማኅሌት አቋቋም ለመቅረጽ ታስቦ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይስማማዋል። ቀኝ ጌታ በቀኝ፣ ግራ ጌታ በግራ ይሰማል፤ በአንድ ማይክሮፎን ብቻ የተቀረጸ ማኅሌት ግን ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ቅብብሉን ድግግሞሽ ያስመስለዋል።

በመካነ ኢየሱስና በቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት ያለው ጉዳይ ቀለል ይላል፤ መዘምራኑ በረድፍ ቆመው ብዙም ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም፤ ችግሩ ያለው የድራም መሣሪያው ከፊታቸው ወይም ከጎናቸው በመሆኑ ነው፤ እርሱም በድራሙ ከንፈር ላይ በምትጣበቅ ትንሽ መቆንጠጫ አማካይነት ማይክሮፎኑን ወደ ምንጩ በማስጠጋት ይቃለላል።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጨምበላላ ግን ከማኅሌት ይልቅ ያስቸግራል፤ ጣሪያም ዓምድም የለውምና። ቀኑን አያንቶዎች ከዋክብትን ተመልክተው ይቈርጣሉ፤ በየቤቱ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተዘጋጀው ምግብ ከጎረቤት ጋር ይቆረሳል፤ ልጆች አይዴ ጨምበላላ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ከዚያም ሕዝቡ ከሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ ጉዱማሌ ይተማል። በ2008 ዓ.ም. በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሆክ በተደረገው ጉባኤ ዩኔስኮ ይህን በዓል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ከጻፈው ወዲህ ካሜራና ማይክሮፎን የያዘው ሰው ቍጥር እጅግ በዝቷል። ነገር ግን የበዓሉ ልብ የሆነው ቄጣላ የሚሄድ ዜማ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል፣ ሰልፉ እየረገጠ ወደ ፊት ይገሰግሳል፤ በመድረክ ላይ የተተከለ ማይክሮፎን የሚይዘውም መጥቶ የሚያልፈውን ጫፉን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ በብዙ ቀረጻዎች የሚሰማን የመድረክ አስተዋዋቂው ድምፅ ጎልቶ፣ ቄጣላው ከኋላው እንደ ጎርፍ ድምፅ ሲያጉረመርም ነው። ታሪክን ለሚመዘግብ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያዳምጥ ሰው በዓሉ የአስተዋዋቂ በዓል ይመስለዋል።

እዚህ ላይ የሚረዳው ረጅም ዘንግ ነው። የፊልም ሰዎች ቀላል ብረት ከማግኘታቸው በፊት ማይክሮፎን ከተዋንያን ራስ በላይ ያንጠለጠሉት በዓሣ አጥማጅ የቀርከሃ ዘንግ ነበር፤ ቀርከሃ ቀላል ነው፤ እጅ ሲንሸራተትበት እንደ ቧንቧ ብረት አይጮኽም። ሐዋሳ ደግሞ ለቀርከሃ ሩቅ አይደለችም፤ ከሁላ ደጋ የሚወርደው ቀርከሃ ለቤት ሥራ ሲውል የኖረ ነው። በዘንጉ ጫፍ የ3/8 ብሎን አስሮ፣ በላዩ የላስቲክ ማንጠልጠያ፣ በማንጠልጠያውም ላይ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ የሚሰብር ጠጉራም ልብስ የለበሰ ማይክሮፎን ተቀምጦ፣ ቀራጩ ከአውጪው ጎን ጎን አብሮ እየሄደ ቢቀርጽ፣ ያወጣውም የተቀበለውም በየልኩ ይሰማል። አውጪው ያለ ዕረፍት ይሄዳልና የቀራጩ ክንድ ጽናት ያስፈልገዋል፤ ተተኪም ቢኖር መልካም ነው።

አሁን የእጅ ስልክ መያዣዎች የካሜራውን 1/4 ኢንች ይዘው ስለ መጡ የጥርሱ ዓይነት ሦስት ሆኗል፤ ቀለበት የጠፋበት ሰውም ዕቃውን ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት መሄዱ አልቀረም። ሚሊሜትር በሚቈጥር ቶርኖ ላይ የኢንች ጥርስ በትክክል ለማውጣት ግን 127 ጥርስ ያለው የማርሽ ማስተላለፊያ ያስፈልጋል፤ እርሱ ከሌለ ባለሙያው የሚቀርበውን ልክ ይቈርጣል፤ ለአሜሪካው ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.94 ሚሊሜትር በሚያስፈልግበት ቦታ 1 ሚሊሜትር፣ ለአውሮፓው 1.59 በሚያስፈልግበት ቦታ 1.5 ማለት ነው። እንዲህ የተቈረጠ ቀለበት በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ደኅና ይገባል፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ነክሶ ይቆማል፤ በጉልበት የገፋውም እንደ ሆነ የማቆሚያውን ጥርስ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄድ ሰው ያልተበላ ዳዶ ለናሙና ይያዝ፤ ሥራውንም ሳይከፍል በፊት እዚያው ቆሞ እስከ መጨረሻው ዙር ያጥብቀው።